ድመቷ አይደለችም

ባለፈው ሳምንት አዳማ ገበያ ዶሮ ልገዛ ወጥቼ፣ ሻጩ ካቀረበልኝ መሀል የአንዷ ምንቃር ጫፉ ጎደሎ ነበር። "ድመት ናት የነካቻት፤ ምንም አትል እናቴ" አለኝ። የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ጎረቤታችን እማማ ዘሀራ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ብቻቸውን ስል፣ ከአንዲት ነጭ ዶሮና ውሮ ከሚሏት ግራጫ ድመት ጋር ማለቴ ነው። ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ደራ ሲሄዱ ሁለቱንም ለእኔ አደራ ሰጡኝ፤ እንቁላሉንም እንድሰበስብላቸው።

ዶሮዋ ግን የራሷን እንቁላል ሰብራ ትበላ ጀመር። ሦስት ቀን ሙሉ አስኳል የነካካው ጭድ ብቻ ሳገኝ ጨነቀኝ። እማማ፣ "እነዚህ ሰዎች ጠብሰው በልተውት ነው" ቢሉስ? ቢሾፍቱ ዶሮ እርባታ የሚሠራው አጎቴ፣ እንዲህ ያለችውን የምንቃሯን ጫፍ ይቆርጡላታል ሲል ሰምቼ ነበር። ምን ያህል እንደሚቆረጥ አልጠየቅኩም፤ ዐዋቂ ነኛ። በአባቴ የጥፍር መቁረጫ ቆረጥኩት፤ አበዛሁት። ደሙ ቀሚሴ ላይ ሲንጠባጠብ የተፈጨ ቡና ነስንሼበት፣ በጣቴ ይዤ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ እሷን እንዳስታመምኳት ማንንም አስታምሜ አላውቅም። ከመሬት መልቀም ስላቃታት የበቆሎ ዱቄት በውኃ በጥብጬ በጥልቅ ጣሳ አቀርብላታለሁ፤ የበሰለ ፓፓያ በጣቴ ጨፍልቄ አጎርሳታለሁ። የበጋው አቧራ ሲነሣ ጣሳውን በነጠላዬ እከልላለሁ።

እማማ ዘሀራ ተመልሰው፣ "ምን ነካት?" አሉኝ።

"ውሮ ናት" የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ።

ጣሳውን አዩ፣ ፓፓያውን አዩ። "አላህ ይባርክሽ ልጄ፣ እንዲህ የሚራራ እጅ አላየሁም" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። በማግሥቱ ውሮን በጆንያ ከትተው ቆቃ ለሚሄድ ሾፌር ሰጧት። "እዚያ ዓሣ አለ፣ አትራብም" እያሉ ዐይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ጆንያው ውስጥ ስትጮህ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ምንቃሩን የቆረጥኩት ባለማወቅ ነው፤ ያን ዝምታ ግን እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። አፍሬበታለሁ፣ ዛሬም አፍርበታለሁ።

ዶሮዋ ዳነች። እማማ ግን እራት ሲያቀርቡ እየረሱ "ውሮ፣ ውሮ" ብለው ይጣራሉ። ግድግዳችን አንድ ስለነበር ይሰማኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ሞቱ።

ገበያው ላይ ሻጩ ምንቃሯ የጎደለውን ዶሮ ዘቅዝቆ ይጠብቀኛል።

"ድመቷ አይደለችም" አልኩት።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ግራ ገብቶት አየኝና ሌላ ዶሮ አነሣልኝ። እማማ ዘሀራ ደጃፍ ቆሜ ልናገረው ይገባኝ የነበረውን ቃል፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ለማያውቀኝ ሰው ተናገርኩት።