የሟቹ ቮልስ ቁጥር

የስዊድን ወረቀት ባሌ ገብረመድህን ጃንዋሪ አንድ ቀን ተወለደ ይላል። ውሸት ነው። እናቱ በፍልሰታ ጾም ወለድኩት ነው የሚሉት። መጀመሪያ እዚህ አገር እንደገባ የመዘገበችው ሴትዮ ቀኑን ለይቶ ስላልነገራት ደስ ያላትን ቀን ሰጠችው፤ እኛም በየዓመቱ ፈረንጅ ርችት ሲተኩስ እንኳን ተወለድክ እንለዋለን። ሙያ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ምንም አልተጻፈለትም። ማስረጃ የለውማ።

ማስረጃ ከየት ያምጣ? ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ የገባው በልጅነቱ ነው። ላሜራ መቀጥቀጥ፣ መበየድ፣ ስቱኮ መቀባት እዚያው ተማረ። ተገጭቶ የመጣ መኪና ከእጁ ሲወጣ የተገጨው የት ጋ እንደነበር ባለቤቱ ራሱ አያገኘውም ነበር። ምስጋናውን የሚቀበለው ግን የጋራዡ ጌታ ነው። እዚህ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አውቶቡስ ሲጠርግ ኖረ። አንድ ቀን የተጣመመ የአውቶቡስ በር አይቶ እኔ ላቃናው ቢላቸው፣ መጥረጊያህን ያዝ አሉት። ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጡረታ በወጣ ማግስት መኪና እሠራለሁ አለ። ልጠግን አላለም፤ ልሥራ ነው ያለው። በወጣትነቱ ጋራዣቸው ትመጣ የነበረች፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ የእንግሊዝ መኪና ነበረች። ባለቤቷ ሐኪም ነበር አሉ። ገብሬ ፓራፋንጎዋን አቃንቷል፣ ቀለሟን ቀብቷል፤ መሪዋን ግን አንድም ቀን አልጨበጠም። የሷን አምሳያ ነው የምሠራው አለኝ። ሰውዬው ለየለት አልኩ።

ቤታችን ሃግሴትራ ነው፤ እሱ ሁዲንጌ የሚባል ሌላ ሰፈር ጋራዥ ተከራየ። ከዚያ ወዲያ ባል አለኝ ለማለትም አፈርኩ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላውን አጣጥፎ ለእኔ ይሰጠኝና ወደዚያው ነው። ጎረቤቴ አክበረት፣ "ጋሽ ገብረመድህን ሁዲንጌ ማን አላቸው?" እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

"የቆርቆሮ ውሽማ አላቸው" እላታለሁ።

ሻንሲውን ከብረት ቱቦ ራሱ በየደው። ቦዲውን ከላሜራ ቀጥቅጦ አወጣው። ሞተሩንና ካምቢዮውን ብቻ ፋርስታ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ዝጎ ከቀረ ቮልስ ነቀለ። ሽማግሌውም ከነሬሳው ውሰደው ብሎ ሸኘው።

ሕጉን ያጣራችው ልጃችን ሚካል ናት። ሰው ለራሱ ብሎ በእጁ የሠራውን መኪና ማስመዝገብ ይችላል አለችን። ተቆጣጣሪ መጥቶ መሐል ላይ ያያል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይፈትሻል። ካለፈ ታርጋና ሊብሬ ይሰጠዋል፤ ሠሪው ማን እንደሆነም ይመዘገባል።

"የኔ ስም?" አላት ገብሬ።

"ያ፣ ፓፓ።" አዎ ማለቷ ነው፤ አማርኛችንን ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በነሱ ቋንቋ ነው።

"ሠሪው ገብረመድህን ተብሎ?"

"ያ!"

ያን ቀን ራቱን ሳይነካ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ ማውራት ተወ፤ ወሬው ሁሉ ስለዚያች አንዲት መስመር ሆነ። በዚህ አገር ስለሱ የተጻፈ አንድ እውነት ሊያገኝ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ መነዝነዜን ተውኩ።

ተቆጣጣሪው፣ ጺሙ የሸበተ ረጅም ሰውዬ፣ መጀመሪያ የመጣ ቀን ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳበሰ አየው። ማን በየደው ብሎ ጠየቀ። ሚካል አባቷን አሳየችው። ሰውዬው ፎቶ አነሳ፣ የገብሬን እጅ ጨበጠና ሲያልቅ ጥራኝ ብሎ ሄደ። ገብሬ ግን ቀልቡ አላረፈም።

"የሻንሲ ቁጥሩስ?" አላት ሚካልን።

ቁጥሩን መጨረሻ ላይ እነሱ ይሰጡሃል፣ አንተ ምንም አታድርግ ብላ መለሰችለት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ላደገ ሰው ቁጥር የሌለው መኪና ማለት የተሰረቀ መኪና ነው። እነሱ ዘንድ የመኪና ሞተር ይቀየራል፣ ቦዲ ይቀየራል፤ ቁጥሩና ሊብሬው እስካሉ ድረስ ያው መኪና ነው፣ አይሞትም። ሻንሲ በዝገት ሲያልቅ ቁጥሩ ያለበትን ቁራጭ ቆርጦ አዲሱ ላይ መበየድ በነገብሬ ዘመን እንደ ነውር አይታይም ነበር፤ መኪናውን እንደማዳን ነው። ገብሬም ለማንም ትንፍሽ ሳይል የሟቹን ቮልስ ቁጥር ከነብረቱ ቆረጠና ከኮፈኑ ሥር ለመኪናዋ ሻንሲ በየደላት። ዳር ዳሩን ሞረደው፣ ስቱኮ ቀባው፣ ቀለም ደረበበት።

መኪናዋ አለቀች። ያን ሁሉ ጊዜ ስቀናባት ኖሬ ሳያት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከነወንበሯ፣ ከነመብራቷ የተሟላች፣ የቅቤ ቀለም ያላት ሙሽራ ናት። የመጨረሻው ፍተሻ ቀን ገብሬ ሱፉን ለበሰ። "አንቺም ነይ፣ ሸዋሉል" አለኝ። ስሙ ሲጻፍ እንድመለከትለት ነው።

ሰውዬው ፍሬኑን ሞከረ፣ መሪውን አዟዟረ፣ ሥሯ ገብቶ ወጣ። ፊቱ ላይ ደስታ ይነበባል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ሲል ቁጥሩን አየ። ስልኩን አወጣ፤ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ ነው የሚያየው። እዚያ ላይ ብረቱ ባዶ ነው። በእስክሪብቶው ጫፍ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አደረገ።

"ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" ሲል ሚካል ተረጎመችልን።

ገብሬ የተመሰገነ መስሎት ደረቱን ነፋ። "የቮልሱ ነው በይው። ሕጋዊ ቁጥር ነው።"

ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ። "ፓፓ፣ ቫርፎር?" አለችው። ለምን? ማለቷ ነው።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን በተሻለኝ። የሌላ መኪና ቁጥር የተበየደባትን መኪና ላሳልፋት አልችልም፣ ለፖሊስም ማሳወቅ አለብኝ አለ። ቀጥሎ ያለውን ሚካል እያለቀሰች ነው የተረጎመችው። ቦታውን ባዶ ትተኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጨርሰን ነበር፤ የሠራሃት አንተ ነህና አዲስ ቁጥር በስምህ ይሰጣት ነበር።

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ግማሹ ስድብ ነው። ገብሬ ግን አልጮኸም። ሱፉን አስተካከለና፣ "ብየዳው እንዴት ነው በይልኝ" አላት።

"ፎቶው ባይኖር አላውቅም ነበር" አለ ሰውዬው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለው ገብሬ፣ በአማርኛ።

ፖሊሶቹ የፋርስታውን ሽማግሌ ጠይቀው ሌብነት እንደሌለበት አረጋገጡና ለቀቁት። የመኪናዋ ነገር ግን በዚያው ቀረ። ቁጥሩን ማውጣት አይበቃም፣ ሌላ ሻንሲ በይድና እንደ አዲስ ጀምር ተብሏል። በየትኛው ዕድሜው? ይቺኛዋን ሲጨርስ ጉልበቱም አብሮ አለቀ።

ባለፈው ቅዳሜ ተከትዬው ሁዲንጌ ሄድኩ። የተበየደውን ቁራጭ ቆርጦ አውጥቶታል፤ ቦታው መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ሆኗል። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ መሪውን ጨበጠ። እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። የጋራዡ በር እንደተዘጋ ነው።

"ገብሬ፣ ልጅቷ አታድርግ እያለችህ ለምን አደረግከው?" አልኩት።

"እኔ ሠራኋት ብል ማን ያምነኛል ብዬ ነዋ" አለኝ።

"ሰውዬው እኮ የመጀመሪያውን ቀን አምኖህ ነበር።"

ከመሪው ላይ እጁን አነሳና ሰውዬው የጨበጠውን መዳፉን ያየው ጀመር።