ዓወልና የወፈረችው መርከብ

ዓወል አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሄምቸንስት፣ በአረጋውያን እንክብካቤ፣ ሠርቷል፤ የሪንከቢ ሰፈርን አዛውንት ቤት ለቤት እየዞረ ሲያነሳ፣ ሲያጥብ፣ ሲያለብስ። አንድ ማለዳ የገዛ ካልሲውን ሊያነሳ ጎንበስ አለና ወገቡ እዚያው ቀረ። ሐኪሙ «እረፍ» አለው። ዓወልን እረፍ ማለት የምድር ባቡርን ቁጭ በል እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የቤቱን በሮች ሁሉ ዘይት ቀባ፤ በሁለተኛው የጎረቤቶቹን። በሦስተኛው ሚስቱ ሙፈሪሃት ከቤተ መጻሕፍት አንድ የመርከብ መጽሐፍ አምጥታ፣ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ አንድ ቦታ ተቀመጥ!» አለችው።

ቤልፋስትን ያገኛት እዚያ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት መድፍ በአራት ማማ የተሸከመች የእንግሊዝ የጦር መርከብ፣ ክሩዘር። የዓለም ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ወር የጀርመን ፈንጂ ከሥሯ ፈንድቶ ወገቧን ሰበራት። ሦስት ዓመት ገደማ ስትጠገን ከርማ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ በኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ሻርንሆርስት የተባለውን የጀርመን መርከብ ካሰጠሙት አንዷ ሆነች።

«ወገቧን! ሰማሽ ሙፈሪሃት? እሷ ከተመለሰች እኔስ?»

ሰባት ወር ሙሉ፣ በየአምስት ደቂቃው እየተነሳ እየተቀመጠ፣ ግማሽ ሜትር የምትሆን ቤልፋስትን ከእንጨት ቀረጸ። ለራዳሯ የሻይ ማጥለያው ተሠዋ። ቅዳሜ ሱንድቢበሪ ዳኛ እየለካ የሚያሳልፍበትና የሚጥልበት የመርከብ ሞዴል ትርኢት አለ፤ ሐኪሙም ከሰኞ ጀምሮ ግማሽ ቀን እንዲሠራ ፈቅዶለታል። ዓወል ግን ወገቡ ዳግም እንዳይቀር ፈርቷል። «መርከቧ ካለፈች ሰኞ እገባለሁ፤ ከወደቀችም አልገባም» ብሎ ማለ።

ሐሙስ አማቱ እማማ ተጂቱ ከቴንስታ መጡ። እሳቸው ፎቶ ሲሰጧቸው ማን እንደሆነ አይጠይቁም፤ መጀመሪያ ውፍረት ክሳቱን ይመዝናሉ። ዓወል መጽሐፉን ገልጦ የመርከቧን ሁለት ፎቶዎች አሳያቸው።

«ይቺ ክስት ያለች ናት። ይቺኛዋ ግን ወፍራለች፤ ተመችቷታል።»

«ሁለቱም አንድ መርከብ ናቸው እኮ እማማ። መርከብ ደግሞ አይወፍርም።»

«ሰባት የወለድኩት ሴትዮ ወገብ ሊጠፋኝ? ጎኗን እይ!»

አየ። ከዚያ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበ፤ ላቡ መጣ። ሲጠግኗት ለተሰበረው ወገቧ ድጋፍ ብለው ግራና ቀኟን አስፍተዋታል። የሱ መርከብ የ1943 ራዳር የተሸከመች፣ በ1939 ወገብ የቀረች ጉድ ናት! የትርኢቱ ዳኛ ደግሞ ትንኝ በሚሊሜትር ይለካል የሚባል ሰው ነው።

ሁለት ቀን ጎኗ ላይ እንጨት ለጠፈ፣ ላገ፣ ሞረደ። ከአቧራው ብዛት ሙፈሪሃት የሩዙን ድስት በጃንጥላ ከደነችው።

ቅዳሜ ዳኛው መለኪያውን ከመርከቧ ሆድ ላይ አሳረፈ። ዓወል ጠረጴዛውን ዘጠኝ ጊዜ ዞረ። ሰውየው ለካ፣ መጽሐፉን አየ፣ ደግሞ ለካ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀና እስክሪብቶውን አወጣ።

ይሄኔ እማማ ተጂቱ ወደ ጎን ጠረጴዛ ዞረው ነበር። እዚያ ያለችው የዳኛው የራሱ ሥራ የሆነች መርከብ ናት።

«ይቺ ምነው እንዲህ ከሳች? ታማ ነው? ንገረው እንጂ ልጄ!»

ዳኛው ቀና ብሎ «ምን አሉ?» አለ።

ዓወል ፊርማው እስኪያልቅ ታገሠ። የማለፊያውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ተረጎመለት።