የናሆምን እናት ስም ፍለጋ፦ ከኮልፌ እስከ ቤቴል

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኮልፌ

ዛሬ ከተከራየኋት ክፍል የወጣሁት አንድ ስም ለማግኘት ነው።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለበት የቀራንዮ ሰፈር ነገ እሁድ ከሰዓት በእድሩ ድንኳን አስራ ሁለት እናቶችን ያመሰግናል። እናቶቹን የመረጡት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የምስጋና ወረቀቱን መጻፍ ደግሞ፣ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ፣ ለእኔ ተሰጠ። በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። በሰፈራችን አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ ስሟ ቀስ በቀስ ይረሳል፤ የሳሚ እናት፣ የቤዛ እናት ትባላለች። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ቀን ሁሉም በራሳቸው ስም ይጠሩ አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

የአስራ አንዱን ስም በስልክ አገኘሁ። አስራ ሁለተኛዋ ስልካቸው አይነሳም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው የናሆም እናት በሚለው ብቻ ነው። ናሆምን አምና አስተምሬዋለሁ። የትምህርት ቤቱን መዝገብ ስገልጥ፣ የእናት ስም በሚለው ዓምድ ውስጥ አንድ ባልደረባችን በሰማያዊ እስክሪብቶ «የናሆም እናት» ብሎ ሞልቶታል።

ከገበያው ዳር ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ዳር ያሉት ብረት ቤቶች ከጠዋቱ ጀምረው በር እየበየዱ ነበር። አንዱ በር ለመንገደኛው እንዲታይ ለብቻው ቆሟል፤ ታክሲው ሰው ሲጭን ዙሪያውን ለማየት ጊዜ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ጉድጓድ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቀራንዮ

ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብዬ ወረድኩ። በዚህ በኩል የድሮ የጭቃ ቤት ከባለ አራት ፎቅ ጋር አጥር ይጋራል። በመጀመሪያ የሄድኩት የሴቶቹ እድር ሰብሳቢ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ነው። ቂንጬ አቀረቡልኝና፣ ካልበላሁ ወሬ እንደሌለ ነገሩኝ። ከበላሁ በኋላ ጠየቅኳቸው።

«የናሆም እናት ስም? ይሄ ምን ይጠየቃል! ስሟማ…» ቆም አሉ። «ስሟ… ቆይ።» መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጉድ ፈላ! ስንት ዓመት አብረን ለቅሶ ስንደርስ!»

«የእድሩ ደብተር ላይስ የለም?»

«እዚያም የናሆም እናት ነው። ድሮ ሰፊዋ ነበር የምንላት፤ ኋላ ናሆም መጣና የናሆም እናት ሆነች። ደብተሩን የሚጽፈው ባለቤቴ ነው፣ እሱ እንኳን የሷን የኔንም ስም ማወቁን እንጃ!» ሳቁና አዩኝ። «አንቺስ ቲቸር፣ የማን እናት ነሽ?»

«የማንም። ገና ነኝ።»

«በይ እንግዲያው ስምሽን ተጠቀሚበት፣ ሳያልቅብሽ!»

አራት ሰዓት ተኩል፣ የስፌት መኪናው ቤት

የናሆም እናት ቤት ከሦስት በር በኋላ ነው። የሃምሳ ዓመት ግድም ሴት ናቸው። በሩ ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፤ ስልካቸው ከጨርቁ ክምር ሥር ድምፁ ጠፍቶ ተቀብሯል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። በራስ ስም መጠራት ለምን እንደሚጠቅምም በሰፊው አስረዳሁ። እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ አላነሱም።

«እታገኝ» አሉኝ። «ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«በይ አሁን ሰርዢው።»

ስፌቱን አቆሙና አስረዱኝ። ናሆምን የወለደችው ሰብለ ናት፤ ያኔ አጠገባቸው ተከራይታ ትኖር የነበረች ልጅ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ለእሳቸው ትታው ቤይሩት ሄደች። ዘጠኝ ዓመት አሳደጉት። አምና ሰብለ ተመለሰች፤ ክረምት ላይ ልጇን ይዛ ቤቴል ገባች።

«አየሽ ቲቸር፣ እታገኝ የምትባል ሴት ልጅ ወልዳ አታውቅም። ልጅ ያላት የናሆም እናት ናት። ነገ በሰው ፊት እታገኝ ብለሽ ስትጠሪኝ፣ ከእናቶች መሀል ምን ልትሠራ መጣች አይሉም?»

«እንግዲያው የናሆም እናት ብዬ ልጻፈው።»

«እሱንማ እንዴት ብዬ? እናቱ መጥታለች። ሰፈሩ በልማድ ሲጠራኝ ዝም እላለሁ፤ በወረቀት ግን የሰው አልወስድም። ተዪኝ፣ ነገ አልመጣም።»

የተዘጋጀሁበት ማብራሪያ ለዚህ አልሆነም። ሰብለን ልጠይቃት እችል እንደሆነ አስፈቀድኩ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ጠይቂያት። እሷ ላከችኝ ግን እንዳትዪ።»

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ቤቴል

አየር ጤና ድረስ በታክሲ ሄድኩ፤ እዚያ ፌርማታው አጠገብ እንቁላል በዳቦ በላሁ፣ ሚጥሚጣው ከእንቁላሉ ይበዛል። ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዤ ቤቴል ገባሁ። ቤቴል ጸጥ ያለ ነው፤ ክሊኒክ፣ ካፌ፣ ትምህርት ቤት፣ ደግሞ ክሊኒክ። ሰብለ ከአንድ ፋርማሲ ጀርባ ትንሽ ፀጉር ቤት ከፍታለች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈጠን ብላ የምታወራ ሴት ናት። የናሆም መምህር እንደነበርኩ ስነግራት የደንበኛዋን ፀጉር መንፋት ሳታቆም ወንበር ሰጠችኝ። ናሆም ኳስ ሊጫወት ወጥቷል።

ስለ ወረቀቱ ነገርኳት። የፀጉር ማድረቂያውን አጠፋችው።

«እትዬ ምን አለች?»

«እናቱ መጥታለች፣ የሰው አልወስድም አሉ።»

ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ ሁለታችንን ታያለች። ሰብለ ማበጠሪያውን ከፀጉር አጸዳች።

«እኔን ሰብልዬ ነው የሚለኝ፣ እሷን እማ። ስንጣላ ቦርሳውን አንግቦ ቀራንዮ ይሄድብኛል። እሷ ደግሞ እጁን ይዛ ትመልሰዋለች። በሩ ላይ ታስረክበኝና ትሄዳለች። ግቢ ስላት አንድ ቀን ገብታ አታውቅም።»

ማበጠሪያውን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄውልሽ፣ እዚህ ቤቴል የናሆም እናት እኔ ነኝ። ለምኜ፣ ጠብቄ፣ አሁን አሁን ሰው እንዲህ ብሎ መጥራት ጀምሯል። ቀራንዮ ግን ስሙ የሷ ነው፤ እኔ እዚያ ሳልኖር ያገኘችው ነው። ጻፊላት።»

«በእርግጠኝነት?»

«ጻፊላት አልኩሽ እኮ! የሴትየዋ ፀጉር እየደረቀ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት፣ የታክሲ ተራ

ወደ አየር ጤና የሚመልሰው ሰልፍ ረጅም ነበር። ቆሜ ለወይዘሮ እታገኝ ደወልኩ። ስልኩን ከጨርቁ ሥር አውጥተውት ኖሮ በሁለተኛው ጥሪ አነሱት። ሰብለ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«እዚያ የሷ ነው አለች?»

«አዎ።»

«እሷስ ነገ ትመጣለች?»

«አልጠራኋትም።»

«አልጠራኋትም! አንቺ ምን ዓይነት መምህርት ነሽ? ልጄ እንዳይቸግረው ብላ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት የለፋችውን ትተሽ እኔን ብቻ ወንበር ላይ ልታስቀምጪ? ተመለሽና ጥሪያት! ሁለታችንንም የናሆም እናት ብለሽ ጻፊ፣ አለበለዚያ እኔንም አታገኚኝም።»

ተራዬ ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር። ከሰልፉ ወጣሁ።

ሰብለ ጥሪውን ስትሰማ መጀመሪያ «ሰው ይስቃል» አለች። ቀጥላ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ ለእሁድ የተያዙ ደንበኞቿን የመዘገበችበትን ደብተር አወጣችና ከሰዓት በኋላ ባሉት ላይ ሁሉ መስመር አሰመረችባቸው።

አስራ ሁለት ሰዓት፣ ኮልፌ

እግሬ አቧራ እንደለበሰ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። ያለኝ ትርፍ ወረቀት አንድ ብቻ ስለነበረ ስህተት አይፈቀድም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት በስብሰባው ላይ ከተናገርኩት ጋር አይገጥምም። የልጅ ስም የእናትን ስም ይሸፍናል ብዬ ነበር፤ ለአስራ አንዱ እናቶች ምናልባት እውነት ነው፣ በስልክ ስማቸውን ስጠይቃቸው ደስ ብሏቸዋል። ወይዘሮ እታገኝ ግን ያንን መጠሪያ ሳይወልዱ ነው ያገኙት፣ ሰፈሩ እያየ። እኔ ላከብራቸው ብዬ ልወስድባቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ከመወሰን በፊት ባለጉዳዩን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ፤ እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

ወረቀቶቹን ጻፍኳቸው። በሁለቱ ላይ ከስማቸው ሥር አንድ ዓይነት መስመር አለ፦ የናሆም እናት። በመጨረሻ የነገውን የስም መጥሪያ ዝርዝር አወጣሁ። እንደማንኛውም የስም ዝርዝሬ በፊደል ተራ ነው፤ ሰብለ ከእታገኝ ትቀድማለች። ጥቂት አየሁትና እታገኝን ወደ ላይ አወጣኋቸው።