«ዘወዱኝ» ማለት

ቦንጋ በመምህርነት እንደተመደብኩ መታወቂያ ላወጣ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ከኃላፊው ክፍል የወጡ አንዲት እናት፣ «ዛሬም ዘወዱኝ» እያሉ አለፉ።

«ምን ማለት ነው፣ እትዬ?»

«ነገ ና ብለው ባዶ እጅህን ሲመልሱህ ነው፣ ልጄ።»

የአካባቢው ቋንቋ፣ ካፊኖኖ፣ መስሎኝ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ኃላፊው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ነገ ይመለሱ» አሉኝ። «እኔንም ዘወዱኝ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ካፊኖኖ ቶሎ ለመዱ። እኔ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የማውቀው ይህቺን ብቻ ነው። ከዚህ የሚወጣ ሁሉ ይላታል። ጸሐፊዬ ‹አመሰግናለሁ› ማለት ነው ብላኛለች።»

ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩ። የስም ሰሌዳቸው «አቶ ዘውዴ» ይላል።