ቅጹ ላይ ያልነበረው ቦይ

በእኛ ጎጥ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ስም የለውም። ሰው ሲያነሳው “እሱ” ነው የሚለው። “እሱ ዘንድሮ ወደ ላይ ወጣ”፣ “እሱ የእነ እገሌን ባሕር ዛፍ ወሰደ” ይባላል፤ ለማያውቅ ስለ ክፉ ጎረቤት የሚወራ ይመስለዋል። ልጅ ሳለሁ በአፋፉና በአክስቴ ቤት መካከል የገብስ ማሳ ነበረ፤ ከማሳው ወዲህ ደግሞ አውድማ። ወገዳ ከተማ ቤት ተከራይቼ ተምሬ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ስመለስ ከማሳው የቀረው ቁራሽ ነበር። በዚያው ክረምት አውድማው ሄደ። ከዚያ በኋላ በገደሉና በአክስቴ ጓዳ ግድግዳ መካከል ያለው መሬት ሁለት በሬ ጎን ለጎን ቢቆምበት የሚሞላ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም፤ እኔን ነው እንደ ልጅ ያሳደገችኝ። አባቴ ወደ እኛ ግቢ ነይ እያለ ስንት ጊዜ ለምኗታል። እምቢ አለች። ቤቱን ዘግቼ ከሄድኩ የተረፈችኝን መሬት “ባለቤት የላትም” ብለው ለሌላ ይሰጡብኛል ነው የምትለው። ይህ የፈሪ ወሬ አይደለም፤ በሌላ ሰው ሲደረግ አይታለች። ስለዚህ ያቺን ቤት ማጣት ማለት ለእሷ መኝታ ማጣት ብቻ አልነበረም።

እኔ ፈተናውን አላለፍኩም። ቤት መቀመጥ ደግሞ አልችልም፤ እግሬ ያሳክከኛል። ጽሕፈቷ ያምራል ተባለና የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። ደመወዝ የለውም። ነገር ግን ከተማ ላይ ተደራጅቶ ሥራ ለማግኘት ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውን የሚፈርመው ሊቀ መንበሩ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ወደ ታች ሰውን ሁሉ ስወቅስ እኔ ንጹሕ ነበርኩ እንዳይመስላችሁ ነው።

ጥር ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ተሰበሰብን። አጀንዳው የዓመቱ የተፋሰስ ዘመቻ የት ይሁን የሚል ነበር። የግብርና ባለሙያው፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ወጣት ነው፣ ሁለት አማራጭ አቀረበ። አንደኛው ቦረቦሩን ከታች ጀምሮ በድንጋይ ደረጃ በደረጃ መገደብ። ሁለተኛው ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ እርከን መሥራት። ለእኔ ቢሆን ቦረቦሩ ይቅደም አለና ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አባወራ በቀን የሚሠራው ሜትር ተተምኗል፤ ትማን እንለዋለን። ተዳፋቱ አፈሩ ለዶማ ይታዘዛል፤ ረፋድ ላይ ጨርሶ ወደ ቤት መግባት ይቻላል። ቦረቦሩ ግን ድንጋዩ ከወንዝ ማዶ በሸክም መምጣት አለበት፤ ቀኑን ሙሉ ተሠርቶም ትማኑ አይሞላም። ትማኑ ግን እዚህም እዚያም እኩል ነው። ያልሞላለት ሰው ማዳበሪያ ሲመጣ ስሙ ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ይወርዳል።

አንድ ቄስ ተነሡ። እሳቸውም እንደ ማንኛችን አራሽ ናቸው።

“ቦረቦሩ ቢገደብ እኔም ደስ ይለኛል” አሉ። “ግን ያለኝ ወገብ አንድ ነው። ሌሊት ቅዳሴ ቆሜበት፣ ጠዋት ደግሞ ድንጋይ ልጫንበት?”

ሰው ሳቀ። ሳቁ ውሳኔውን ጨረሰው። ለተዳፋቱ እጅ አውጡ ሲባል ሜዳው በሙሉ እጅ ሆነ። ቀና ስል ከሴቶቹ መካከል አክስቴ እጇን አውጥታለች። ያውም ከፍ አድርጋ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝኳት። ምን ነካሽ፣ ገደሉ ጓዳሽ ደርሶ አልኳት።

“ማን ድንጋይ ይሸከምልኛል?” አለችኝ። “ቦረቦሩ የሚመጣው ሐምሌ ነው። ማዳበሪያው የሚመጣው ሚያዝያ ነው።”

ቤት ስገባ ቃለ ጉባኤው ላይ “በሙሉ ድምፅ ተወሰነ” ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም።

ሊቀ መንበሩን ክፉ ሰው አድርጎ መጻፍ ይቀል ነበር። አይደለም። ያለፈው ዓመት በወረዳው የግምገማ ስብሰባ ቀበሌያችን መጨረሻ ወጥታ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አስነሥተው ድክመትህን ተናገር ብለውታል። ሚስቱ ለእናቴ እንደነገረቻት ከዚያ ሲመለስ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ደረጃ የሚሰጠው በሜትር ነው። ሜትሩን የሚያዩት ደግሞ ከወረዳ በመኪና የሚመጡ ጎብኚዎች ናቸው። ተዳፋቱ ከመንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። ቦረቦሩ አይታይም፤ ከመኪና ወርዶ፣ ቁልቁል ሄዶ፣ ከአክስቴ ግቢ ኋላ ካልቆሙ በቀር መኖሩም አይታወቅም።

ሥራው ተጀመረ። እውነት ለመናገር እርከኑ ያምር ነበር። ከሩቅ ሲያዩት የተሠራች ሹሩባ ነው የሚመስለው። በየቀኑ ሜትር መዝጋቢ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከባለሙያው ጋር የእርከኑን ጫፍ ጫፍ እየተከተልን ወረድን። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ዳር እንዲያወጣ። ዳር ላይ ደርሰን ቆምን። የሁሉም አፍ የተከፈተው ወደ አንድ ቦታ ነው። ከበታቻችን የአክስቴ ቤት ቆርቆሮ ያበራል።

“ውሃው ከዚህ በኋላ በየት ይሄዳል?” አልኩት።

“መፋሰሻ ቦይ ያስፈልገዋል። ዞሮ ወደ ወንዙ የሚያወርደው።”

“መቼ ነው የሚቆፈር?”

የያዘውን ቅጽ ወደ እኔ አዞረ። የእርከን ርዝመት የሚል አምድ አለ። የተሳተፈ ወንድ፣ የተሳተፈ ሴት፣ የወጣ ጉልበት። በጣቱ አንድ በአንድ ነካካቸው።

“ቦይ የሚል አየሽ?”

“ስለሌለ ውሃው አይወርድም?”

ሳቀ፤ ግን ደስ ብሎት አይደለም። ቦዩ የብዙ ቀን ጉልበት ይበላል፤ በዚያ ሁሉ ቀን የሚመዘገብ ሜትር አይኖርም። ሜትር ካነሰ የእሱም የሥራ ውጤት ያንሳል። ውጤቱ ካነሰ ዝውውር የለም። ሚስቱ ደብረ ታቦር ናት፤ ልጁ ስትወለድ አልነበረም፤ በእግሯ መሄድ ስትጀምርም አላያትም። ይህን ሁሉ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። እኔም ሜትሩን መዝግቤ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ውሃው በአክስቴ ቤት ላይ ነው የሚለቀቀው፣ ቦዩ ካልተቆፈረ ቤቷ ይሄዳል አልኩት። ለዘብ አድርጌ መናገር አላውቅበትም።  ዘመቻው የሚዘጋው በመጋቢት መጨረሻ ነው፣ መጀመሪያ እቅዳችንን እንሙላ፣ ቦዩን በትርፍ ጊዜ እናደርሰዋለን አለ። ልወጣ ስል ጠራኝና የድጋፍ ደብዳቤሽን አዘጋጅተሽ ሰኞ አምጪው፣ እፈርምልሻለሁ አለኝ። መደለያ ነበር ብዬ አልምልም። ሲያስበው ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ስለ ቦዩ ሁለተኛ አላነሳሁበትም።

እቅዱ ከመቶ በመቶ በላይ ሞላ። ጎብኚዎች መጡ፤ መንገድ ዳር ቆመው በስልካቸው ፎቶ አነሡ፤ አጨበጨብን። ቀበሌያችን አንደኛ ወጣችና ባንዲራ ተሸለመች። ከዚያ ወዲያ ሰውን ለቦይ የሚጠራ አልተገኘም፤ ሁሉም ወደ እርሻው ተበተነ። እኔና አባቴ ዶማ ይዘን ሁለት ቀን ሞከርነው። በሁለተኛው ቀን አባቴ ዶማውን ተደግፎ የቆፈርነውንና የቀረውን አየ። “ይህ የሁለት ሰው ሥራ አይደለም” አለ። የሀገር ሥራ ነው። ሀገሩ ደግሞ ትማኑን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል።

ሰኔን ፈርተን አለፍነው። ሐምሌ ገብቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ያዘ። አክስቴ ላሟን እየጎተተች መጣች። ከዚህ በፊት ውሃ መጥቶበት በማያውቅ ጎን እየመጣ ነው አለች፤ እንደዚያ ብቻ ነው ያለችው። ሮጠን ሄድን። የቦረቦሩ ድምፅ በጆሮ አይደለም የሚሰማው። በእግር ነው። ከቤቱ ኋላ ስቆም ከጉልበቴ በታች ያለው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያ ዝም ይልና ከሥር አንድ ነገር ሲለቅ ይሰማል። ዳቦ ሲቆረስ እንደሚለቀው። እየቆየ፣ እየደገመ።

የዚያን ቀን ጓዳው ሄደ። በሦስተኛው ቀን የኋላው ግድግዳ። ጎረቤት ተረባርቦ ቆርቆሮውን ከጣራው ላይ ነቅሎ አወጣላት፤ ምሰሶዎቹን ግን የደፈራቸው የለም። ገደሉ አፍ ላይ ቆመው ሰነበቱ፤ አንድ ጠዋት ስናይ የሉም። አክስቴ አላለቀሰችም። መሬቱስ፣ መሬቱን ለማን ይሰጡብኝ ይሆን እያለች አባቴን ትጠይቀው ነበር።

ሊቀ መንበሩ ራሱ ቤታችን መጣ። ጋቢውን ተከናንቦ በር አጠገብ ተቀመጠ፤ ግባ ቢባል አልገባም። ለተፈጥሮ አደጋ ተጎጂ ከወረዳ ስንዴና ቆርቆሮ አለ፣ ምትክ ቦታም አለ አለ። ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ምክንያቱ ግን ከባድ ዝናብ መባል አለበት። የእርከን ጉድለት ከተባለ ነገሩ ወደ ሌላ ቢሮ ይሄዳል፤ አጣሪ ይመጣል፤ እስከዚያ ምንም አይሰጥም። እውነቱን ነው፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው።

“ያየሁትን ነው የምጽፈው” አልኩት።

 የመለሰችልኝ አክስቴ ናት።

“ያየሽውን በኋላ ትጽፊዋለሽ” አለች። “አሁን የምበላውን ጻፊልኝ።”

“በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት” ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። የነገራት ሁሉ መጣላት፤ ስንዴውም፣ ቆርቆሮውም፣ ከመንገዱ በላይ አንዲት ጠባብ ቦታም። ባለሙያው ዝውውሩን አገኘ። የእኔም ደብዳቤ ተፈርሟል። በቀበሌያችን መዝገብ ላይ በዚያ ዓመት አንዳችም የተበላሸ ሥራ የለም።

ቦረቦሩ ግን የአክስቴን ቤት ከበላ በኋላ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንዱ ክንድ ወደ ላይ ዞሮ ሦስት ልጆች ያሏት ጎረቤታችን ግቢ ጫፍ ደርሷል። ክረምቱ እንደወጣ፣ አርብ ገበያ ለመሄድ አህያ ስጭን፣ ይቺ ሴት መጣች። ላናግርሽ ነበር አለች። ስለ ቦዩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለጥር ወሩ ስብሰባ ከአሁኑ አጀንዳ አስይዢልኝ ልትለኝ ነው ብዬ ጭነቱን ትቼ ደብተሬን ላመጣ ገባሁ። ይዤ ስወጣ ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ለአክስትሽ የጻፍሽላትን ለእኔም ጻፊልኝ። አሁን አዘጋጅተሽ አስቀምጪልኝ፤ እሱ ሲመጣ ግርግር ነው።”

“ቤትሽ ቆሞ እኮ ነው ያለው” አልኳት።

“ለዚህ ነው ቀድሜ የመጣሁት” አለች። “ቀኑን ብቻ ክፍት ተዪው።”