ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር

በጣውላ ፎቅ መሥራትን ሊማሩ ከመጡት መካከል አንዲት ባልቴት ዘወትር ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። የግራ እጃቸውን ጓንት በሐሩርም አያወልቁም። ወጣቶቹ፣ "እማማ፣ ሊያመልጡን ነው?" ብለው ሲቀልዱ፣ "ብልህ እንግዳ መውጫውን አይቶ ይቀመጣል" ይላሉ።

ዛሬ መምህሩ በሙጫ ተደራርቦ የተጣበቀ ወፍራም ምሰሶ በእሳት ፈተነ። እሳቱ ፍርዱን ሲጨርስ ምሰሶውን በመጋዝ ቆረጠው፤ ላዩ ከስሏል፣ ውስጡ ግን እንዳልተነካ ነጭ ነበር።

ባልቴቷ ጓንታቸውን አውልቀው ጠባሳ በሞላው መዳፋቸው ዳሰሱት።

"ልጄ፣ ቤቱ ውስጥ የተኙ ሕፃናት ቢኖሩስ?"

"ከሰሉ ውስጡን ይጋርደዋል፤ ቤቱ ቶሎ አይደረመስም። ልጆቹን ለማውጣት ጊዜ ይገኛል፣ እማማ።"

"እኔ ያጣሁት ያንን ጊዜ ነበር" አሉ።

ከዚያም ወንበራቸውን ከበሩ አንሥተው ከከሰለው ምሰሶ አጠገብ አኖሩት።