ገለባ አጉራሹ

የማሽኑን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ሰው ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። መመሪያ መጽሐፉ ማናችንም በማናነበው ቋንቋ ስለተጻፈ እኛ «አጉራሹ» አልነው፤ ሥራው ማጉረስ ነበርና። ከላይ አፈ ሰፊ የቆርቆሮ ሣጥን አለው፣ ገለባው እዚያ ይጨመራል። ከሥር ደግሞ በርሜል በሚያህል ቧንቧ ውስጥ የሚዞር፣ እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ፣ ርዝመቱ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ብረት አለ። ብረቱ ሲዞር ገለባውን እየገፋ ጡብ ወደሚተኮስበት ምድጃ ያስገባል። የመመሪያው ሥዕል የሚያሳየው ይህን ነው። እኔ የማውቀው ማሽን ግን ማጉረስ ቀርቶ አፉን መክፈትም በቅጡ አይችልም ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የጡብ ፋብሪካ። እኔ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቤ የመጣሁ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ምድጃው በናፍታ ይሠራ ነበር። ናፍታ በኮታ ሆነ፣ ቀጥሎ ኮታውም ወሩ ሳይጋመስ ማለቅ ጀመረ። ከላይ ያሉት «አርሲ ገለባ ሞልቶት ናፍታ እንለምናለን?» አሉ። ነገሩስ እውነት ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ማሽን በእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጣ። ሣጥኑ ላይ የሱፍ አበባ ሥዕል ታትሞበታል። ያን ሥዕል ባየሁ ጊዜ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ማሽኑ የተሠራው ለሱፍ ልጣጭ ነው። የሱፍ ልጣጭ እንደ እህል ይፈስሳል፤ የእኛ ገለባ ግን ገመድ ነው።

ገለባው የሚመጣልን ከመንግሥት እርሻ ነበር፣ ኮምባይነር አጭዶ የተወው፣ አንዱ አገዳ አንድ ክንድ የሚረዝም። ማሽኑ ከተነሳ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ገለባው ብረቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ይመጣል። እሮጥና አጠፋዋለሁ። የጎን መዝጊያውን ስምንት ቡሎን እፈታለሁ፣ በሆዴ ተኝቼ ገለባውን በማጭድ እየቆረጥኩ አወጣለሁ፣ ስምንቱን ቡሎን መልሼ አጠብቃለሁ። ያን ስጨርስ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ጡቡም ግማሹ በስሎ ግማሹ ጥሬ ይወጣል። ይህን በቀን አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ እናደርገዋለን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኸው ነው። ዲፕሎማዬን ሰቅዬ አጫጅ ሆንኩ ብዬ ስበሳጭ እሳት ጠባቂው ባልደረባዬ «ማጨዱስ ባልከፋ፣ እህሉ የታል?» ይለኝ ነበር። እሱ ይስቃል፣ እኔ ግን ለመሳቅ ወገቤ አይፈቅድልኝም።

ባለቤቴ የሁሩታ አካባቢ ልጅ ናት። አባቷ ገበሬ ነበሩ፣ መመኪያቸው አንድ ጥማድ በሬ፣ ቀዩና ዳለቻው። ቀዩ ጉልበት እንጂ ልብ የለውም ይላሉ፤ ዳለቻው አርጅቷል፣ ግን ትልሙን የሚያውቀው እሱ ነው። ለበሬዎቹ በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲገርማቸው ግን ሁለቱን ይቀላቅሉታል።

ጥር ላይ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ስንዴ እያበራዩ ደረስን። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፣ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ከእግራቸው ሥር ያለው ጭድ ጥፍር እስኪያህል ደቅቋል። ጎንበስ ብዬ ዘገንኩት። በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ከዚያ ማሽን ጋር ስታገል የከረምኩት ሰውዬ እንደ ሞኝ ደጋግሜ እየዘገንኩ አፈሰስኩት።

«አባባ፣ ሁለት ጆንያ ብወስድስ?» አልኳቸው።

«ማሊፍ? ለምንህ ነው? በሬ የለህ።»

«ለማሽኔ ነው። ረጅሙ ገለባ ያንቀዋል፣ ይህን ግን የሚውጠው ይመስለኛል።»

«ጥርስ የለውማ» አሉ። ሳቁና ሁለቱን ጆንያ ራሳቸው በእጃቸው እየጠቀጠቁ ሞሉልኝ። አፉን ሲሰፉልኝ ደግሞ ከላይ የነበረችውን አፈር የነካት እፍኝ ጭድ አውጥተው ጣሏት። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሰኞ ጠዋት ጭዱን አጉራሹ ውስጥ ጨመርነው። ሁለት ጆንያ ለዚያ ምድጃ ብዙ አይደለም፣ ግን እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩ አንዴ እንኳ ድምፁን አልቀየረም። ብረቱ ዞረ፣ ጭዱ ገባ፣ እሳቱ ወደ ላይ ተነሳ። ባልደረባዬ በምድጃው መመልከቻ መስኮት አየና «በላልህ» አለኝ። መዝጊያውን ፈትቼ ብረቱን ዳበስኩት፣ እንደተወለወለ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ በሥራዬ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

በዚያው ሳምንት የውይይት ክበብ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በመሃል የሚያነበውን ጽሑፍ አቁሞ ወደ ጥገና ክፍል ዞረና የማሽኑ መታነቅ «ቴክኒካዊ ነው ወይስ የአመለካከት?» ብሎ ጠየቀ። በዚያ ዘመን አመለካከት የሚለው ቃል ለብቻው ሰው ያስተኛ ነበር፣ በሐኪም ቤት ሳይሆን በእስር ቤት። ብድግ አልኩ። «ጓድ፣ ችግሩ የማሽኑም የእኛም አይደለም፣ የገለባው ነው። በሬ የረገጠው ጭድ ቢሆን አንድ ቀን አይታነቅም። ሞክሬ አይቼዋለሁ» አልኩ። ቀጥዬ ገለባ የሚከትፍ ማሽን ይገዛልን ልል ነበር። አላስጨረሱኝም፣ አጨበጨቡ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እውነቱን ለመናገር የቀረውን ሐሳቤን ጭብጨባው ካለፈ በኋላም ልናገረው እችል ነበር። ጣፈጠኝና ተቀመጥኩ። ማታም ለባለቤቴ እንዴት እንደተጨበጨበልኝ አወራሁላት።

ትእዛዙ ለመውጣት ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። ለመንገድ ቅርብ የሆኑ የገበሬ ማኅበራት በየአባወራው ጭድ ለፋብሪካው እንዲያቀርቡ ተባለ። መኪናዎቹ በሁሩታም በሌላም በኩል እየተመላለሱ አራገፉ፣ ግቢያችን ውስጥ ከወርክሾፑ ጣሪያ የሚስተካከል ክምር ቆመ። ባለቤቴ ወሬውን ከገበያ ይዛ ገባች።

«ጭዱን የሚሰበስቡት ላንተ ማሽን ነው አሉ።»

«ለፋብሪካው ነው» አልኩ።

«በሬ የረገጠው ይሻላል ብሎ የነገራቸው ማነው?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ።

«የአባቴ ክምር ተቆጥቦ ነው ሣር እስኪበቅል፣ እስከ ሰኔ የሚያደርሰው። ግማሹ ከሄደ በሬዎቹ ምን ይበላሉ? ያንተን ጭብጨባ?»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። የገበሬው ጭድ የከብት ቀለብ መሆኑን፣ ረጅሙን ገለባ መክተፍ እንደሚቻል፣ መክተፊያውንም ከአሮጌ ብረት እኔው ራሴ እንደምሠራው ነገርኩት። እየሰማኝ መዝገብ አወጣና ገለጠ። «ጓድ፣ ሐሳቡ ያንተ አይደለም እንዴ? ቃለ ጉባኤው ላይ ስምህ ሰፍሯል» አለኝ። አልተቆጣም፣ እንዲያውም የሚያመሰግነኝ ይመስል ነበር። ያን ቀን በጣም የጠላሁት እሱን አይደለም፣ ራሴን ነው።

ማሽኑ ለጥቂት ቀናት እንደ ልቡ በላ። ማጭዴ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ዋለች። እኔ ግን በሄድኩበት ሁሉ ዳለቻው ይታየኝ ነበር። ቢያንስ ጡቡ ይወጣል፣ በከንቱ አልሆነም እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ባልደረባዬ ጠራኝና ረጅሙን ብረት ወደ እሳቱ ሰድዶ ከፍርግርጉ ላይ አንድ ነገር ፈንቅሎ አወጣ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ያብለጨልጫል። «ፍርግርጉ ሁሉ በዚህ ተደፍኗል፣ አየር አይወጣም» አለኝ።

ወደ ክምሩ ሄጄ በእጄ ቆፈርኩ። ግማሹ ጭድ አልነበረም፣ የአውድማ ጥራጊ ነበር፤ አፈር፣ የደረቀ እበት፣ ጠጠር። ገበሬው ስጥ ሲባል ከክምሩ ሥር ያለውን፣ ከብቱም የማይፈልገውን ጠርጎ ነው የጫነው። ማን ይፈርድበታል? እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። ግን ያ አፈር ከአመዱ ጋር ቀልጦ ምድጃውን በመስታወት ገጠመው። በዶማ ልንፈነቅለው ስንሞክር የምድጃው የውስጥ ጡብ አብሮ ተነቀለ። አጉራሹ ቆመ። ናፍታም ተገኘ፤ ከየት እንደተገኘ፣ ለምን ቀድሞ እንዳልተገኘ የጠየቀ የለም።

ቀሪው ጭድ ግቢው ውስጥ እንደ ተራራ ተቀምጧል። «ለባለቤቶቹ ይመለስ» አልኩ። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ያለ ደብዳቤ አይወጣም ተባልኩ። ደብዳቤ ጻፍኩ። በሚመለከተው ክፍል በኩል አልቀረበም ተብሎ ተመለሰ፣ በሚመለከተው ክፍል በኩል አቀረብኩ። ሸራ ይልበስ አልኩ፣ ሸራው ለሲሚንቶ ነው አሉኝ። የበልግ ዝናብ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ከክምሩ ጫፍ እንፋሎት ሲወጣ አየዋለሁ፣ ከውስጥ እየፈላ ነበር። ከላይ ከላይ ያለውን በመንሽ እየገለበጥኩ ለማድረቅ የሞከርኩባቸው ቀናት አሉ። የዘበኛው ሳቅ እስካሁን ይሰማኛል።

የደብዳቤዬ መልስ ግንቦት ላይ መጣ። «አገልግሎት የማይሰጠው ቆሻሻ ከግቢው እንዲወገድ» ይላል። በዚያው ሳምንት ከአማቴ ዘንድ መልእክት መጣ፤ ዳለቻው ተኝቶ ሳይነሳ ቀረ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት።

ካለው ላይ የተሻለውን መርጬ በፋብሪካው መኪና ጫንኩና ሄድኩ። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም፣ ባዶ እጄን መሄድ ስላልቻልኩ ይሆናል። ቀዩ በሬ ቤት አልነበረም፣ ጎረቤታቸው አንድ በሬ ብቻ ስላለው መቀናጆ ገብተው ሁለቱን በሬ አጣምደው በተራ ያርሳሉ፤ ያን ቀን ተራው የጎረቤቱ ነበር። ጭዱን ደጅ የታሰረችው ላማቸው ፊት አፈሰስኩላት። አሽትታ ፊቷን መለሰች። አማቴ ጎንበስ ብለው እፍኝ አነሱ፣ አሸተቱ፣ በጣታቸው አፍተለተሉት።

«ለጭቃ ጥሩ ነው» አሉ። «ጭድ ሲበሰብስ ጭቃ ያጣብቃል። የበሬዎቹ በረት ግድግዳ ፈርሷል፣ ዝናቡ ሳይበረታ እንመርገው።»

ጉድጓዱን አዘጋጁ፣ አፈርና ውሃ ጨመሩበት፣ ያን ጭድ በተኑበት። ጭቃ የሚረገጠው በእግር ነው። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ይሸታል፣ እየዞርኩ ስረግጥ እስከ ጉልበቴ ይይዘኛል። እሳቸው ከዳር ቆመው ውሃ ያፈስሱልኛል። ስለ ዳለቻው አንድም ቃል አልተናገሩም።

«አባባ፣ ሌሎቹ የሰጡት ጥራጊውን ነው» አልኩ። «እርስዎም እንደነሱ ከሥር ያለውን ሰጥተው ቢሆን ኖሮ…»

«እኔ ከላይ ያለውን ነው የሰጠሁት። ንጹሑን።»

«ለምን?»

የተገረሙ መሰሉ። «የአማችህ ማሽን ነው አሉኝ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። አፈር አጉርሼው ላሳፍርህ?»

ቆምኩ። እንዲቆጡኝ፣ እንዲሰድቡኝ፣ የያዙትን እንስራ እንዲወረውሩብኝ ፈለግሁ። እሳቸው ግን ጭቃውን እያዩ ነበር።

«እዚያ ጥግ ገና ነው፣ አልላመም» አሉኝና ውሃ አፈሰሱበት። ወደ ጥጉ ሄጄ መርገጥ ጀመርኩ።